ከክንዱ በታች

ሶፋ አልባሹ ፎቶ የሚነሳው ከክንዱ በታች ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ማንም አያውቀውም። እጆቹን ግን ስልክ ይዞ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን የመዶሻ ጠባሳ፣ ጨርቅ ሲወጥር የሚገተረውን ጅማት፣ ኮላ የማይለቃቸውን ጥፍሮች። ከተማው ውስጥ ስንት ሴት እነዚያን ጥፍሮች አይታ ተንፍሳለች። የእጆቹ ባለቤት መንገድ ላይ ቢገፋት ግን ዞር ብላም አታየውም።

እጆቹን እንዲህ ያሳወቀቻቸው የሚወዳት ልጅ ናት። ብሎግ ጸሐፊ ናት፤ ገጿ «መስኮት ዳር» ይባላል። አንባቢዎቿ እሷንም «መስኮት» ይሏታል፤ እኛም እንደነሱ እንበላት። ጥሩ ቤት የተወለደች፣ ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረች፣ በልጅነቷ የሰው ፊት አይታ የማታውቅ ልጅ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ተሰበረ ልብ ስትጽፍ የሚያነባት ጥቂት ጓደኛ ብቻ ነበር። ሰው የጎረፈላት ስለ አባቷ ወንበር ከጻፈች ወዲህ ነው።

አባቷ የሞቱ ሰሞን፣ ዕድሜያቸውን ሲቀመጡበት የኖሩትን ወንበር በጭነት መኪና አስጭና ሱቁ መጣች። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ የሽቦ ሞላው ወድቋል።

«አዲስ አድርግልኝ» አለችው።

ገልብጦ አየው፤ መልሶ አቆመው። መዳፉን መቀመጫው መሐል ወደጎደጎደው ቦታ ሰደደና፣ «ይሄን ልሙላው ወይስ ልተወው?» አላት።

«ምኑን?»

«ሰውዬው የተቀመጡበትን።»

ልጅቷ እዚያው፣ የስፖንጅ ብጥስጣሽ ላይ ቆማ አለቀሰች። አባቷ ሲቀበሩ እምቢ ያላት እንባ ነው። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ፤ ሞላው ከሥር ተጠገነ፤ ላዩ አዲስ ጨርቅ ለበሰ። ያንን ጻፈችው። ከጽሑፉ በላይ፣ ጉድጓዱ ላይ ያረፉትን የሁለት እጆቹን ፎቶ ለጠፈች። በማግስቱ ስልኳ ሲጮህ ውሎ ሲጮህ አደረ። «ባለእጁ» የሚለውን ስም ያወጡለት አንባቢዎቿ ናቸው።

ከዚያ በርጩማ ይዛ መጣች። ቀጥላ ትራስ። ቀጥላ ምንም ሳትይዝ። ጎን ለጎን ቁልፍ የሚቀርጹት ሽማግሌ ከማሽናቸው ቀና ብለው፣ «አንተ፣ ይቺ ልጅ ቤቷ ያለውን መቀመጫ ጨረሰች። ዛሬ ያመጣችው ራሷን ነው» አሉት።

«እሷስ ምኗ ተበላሽቶ ነው ጋሼ?»

«ዓይኗ ነዋ። አንተን ቆንጆ ብላ የምታይ።»

ሳቀ። የሳቀው ግን በአፉ ብቻ ነው።

ፍቅራቸው በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በጆንያና በጣውላ መሐል አደገ። እሱ ይሠራል፤ እሷ የጥጥ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ቀና ሲል ቀና ትላለች፤ ዓይናቸው ሲገጣጠም እሱ ሚስማሩን ይስታል። ከዚያ እጁን ታነሳለች፣ ትለጥፋለች፣ ሰዉ ይንጫጫል። የሱቁን ቦታ ለማንም አልተናገረችም። አስተያየቱን ታነብለታለች።

«'ይሄን እጅ አይቼ የባሌን እጅ አየሁት፤ ምሳዬንም አልበላሁ' ትላለች አንዷ።»

«እግዜር ያስታርቃቸው።»

«'ሶፋ የለኝም፤ ግን ገዝቼም ቢሆን ልቅደድለት' ትላለች ሌላዋ።»

ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን ወንበር ልታለብስ የመጣች ደንበኛ ሳቁን አጠፋችው። ሴትዮዋ እሱ ሲለካ ስልኳን አውጥታ የገዛ እጆቹን አሳየችው። «አየህ? እጅ ማለት ይሄ ነው። ይሄንን ሰውዬ አፈላልጌ አጥቼው ነው አንተ ጋ የመጣሁት» አለችው። እጁ አፍንጫዋ ሥር ነበር፤ ሜትር ይዞ። አየችው። አላወቀችውም። ከላዩ ያለው ፊት እንዲህ ያለ እጅ ይኖረዋል ብላ አላሰበችም።

ያን ዕለት ገጹን ራሱ ከፍቶ ያነብ ጀመር። ጣቱን እያስኬደ፣ ቀስ እያለ፣ ከላይ እስከ ታች ወረደ። መሐል ላይ አንዱ እንዲህ ብሏል፦ «ፊቱ የሚታይ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ታሳየን ነበር። ሴት የምትደብቀው የምታፍርበትን ነው።» ከሥሩ ሰዉ ልብ ደርድሮበታል። መስኮት ለሌላው ሁሉ መልስ ሰጥታለች፤ ለሰነፉም ለነገረኛውም። ለዚህ ብቻ ዝም ብላለች።

ጥርሱን ያመመው ሰው በምላሱ ደጋግሞ እንደሚነካው፣ ያንን ቦታ ደጋግሞ ከፈተ። ዝምታዋ ሁልጊዜም እዚያው ነበር።

*

ታላቅ ወንድሟ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። ተቀመጥ ሲባል ወንበሩን አየና መሐረቡን አነጠፈበት። ሶፋ አልባሽ ቤት መጥቶ መቀመጫ የሚጸየፍ ሰው ያን ቀን ታየ።

«እህቴ ጎበዝ ጸሐፊ ናት» አለ። «አንተም ጎበዝ ነህ። በሙያህ ማለቴ ነው።»

«አመሰግናለሁ ጌታው።»

«አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ማስታወቂያውን በገጿ ላይ ሊያወጣ ነው። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ሁሉ ነገር። ግን ባለእጁ ከነፊቱ መታየት አለበት። የኔ ወንድም፣ ሰው አሁን ጽሑፍ አያነብም፤ ፊት ነው የሚያነበው። እንግዲህ መቼም… ገብቶሃል።»

«አልገባኝም።»

«ፊት አግኝተናል።»

ሶፋ አልባሹ መዶሻውን አስቀመጠ። «የት ወድቆ አገኛችሁት?»

ወንድምየው አልሳቀም። «ተዋናይ ነው። ዲዛይነር ሆኖ ይቀርባል፤ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ በእጁ መሥራት የመረጠ። ቀረብ ተደርጎ ሲነሳ እጁ ያንተ ነው፤ ራቅ ሲል ሰውየው እሱ ነው። አንተን የሚነካህ የለም። ለእናታችንም የእህቴ ወዳጅ ዲዛይነር ነው ብለን ነው የነገርናት፤ ደስ ብሏታል።»

«እህትህስ?»

«እሷማ ተስማምታለች። እንዲያውም ላንተው አስባ ነው።»

የተማረ ሰው ሲሰድብህ እንዲህ ነው። ስድቡን ጥሩ ጨርቅ ያለብሰዋል፣ ዳር ዳሩን ይሰፋዋል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ያስረክብሃል። አንተም አፍህ ተሳስሮ ትቀበለዋለህ። ሶፋ አልባሹ ዝም አለ፤ ወንድምየው ዝምታውን እሺታ አድርጎ፣ መሐረቡን አጥፎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መልእክቷ ገባ። «ወንድሜ የተነጋገራችሁትን ነገረኝ። አንተ እንደዚያ ከፈለግክ እኔም እሺ። ብቻ አትዘንብኝ።»

ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ አነበበው። ተስማምታለች ማለት ነው። ብዙ ሊጽፍላት ጀመረ። «ስንት ጊዜ ነው የምትቆርጪኝ» ብሎ ጻፈና አጠፋው። «ያ ሰውዬ እውነቱን ነው» ብሎ ጻፈና አጠፋው። ፊደሉም አይታዘዝለትም፤ ሆሄ በተሳሳተ ቁጥር ያፍራል፤ የምታነበው ጸሐፊ ናት። በመጨረሻ እዚያ ስልኩ ውስጥ ከተደረደሩት ትንንሽ ሥዕሎች ቢጫዋን አውራ ጣት መረጠና ላካት።

ከክንዴ በታች ነው የፈለግሽው፣ እንኪ። እንዲህ ሲል ነው የላከው። ስልኩን ጥጡ ውስጥ ወርውሮ መዶሻውን ሲያነሳ፣ የሚመታው ጣውላ ይሁን ደረቱ እሱም አልለየውም።

*

ለማስታወቂያው ቀረጻ በተቀጠረው ቀን ጠዋት ሱቁ የሱ አልመስል አለው። ፎቶ አንሺው መብራት አቆመ፤ ኮላ የለበሰውን ጠረጴዛ አወጣ፣ አዲስ ጠረጴዛ አስገባ፤ አሮጌውን መዶሻ አይቶ፣ «ይሄ አይሆንም፣ ቆሽሿል» ብሎ የሚያብረቀርቅ መዶሻ ሰቀለ። ተዋናዩ እውነትም መልከ መልካም ነው። ክፉ ልጅም አይደለም። ገና ሲገባ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው» አለው። ሶፋ አልባሹ ለመጥላት ብሎ ሲያየው አልሆንልህ አለው።

«እንዴት ነው የምትሠራው? ሚስማሩን የት ትይዘዋለህ?» ሲል ጠየቀ ተዋናዩ።

«በከንፈሬ።»

ልጁ እፍኝ ሙሉ ሚስማር አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሊናገር ፈለገ። ዓይኑ ሲፈጥ ሶፋ አልባሹ አገጩን ይዞ፣ «ትፋው። አትዋጥ። ትፋው» እያለ፣ እንደ ሕፃን ጎንበስ አድርጎ አስተፋው። ቁልፍ ቀራጩ በራፍ ላይ ቆመው፣ «አሁን ነው ፊቱ ያንተን የመሰለው» አሉ።

ከዚያ ሸሚዝ መጣ። ሁለት አንድ ዓይነት ሸሚዝ፤ አንዱ ለፊቱ፣ አንዱ ለእጁ።

«እጅጌው እንዲመሳሰል ነው» አለ ወንድምየው። «ቁልፉን መቆለፍ አያስፈልግም፤ አይታይም።»

ሶፋ አልባሹ የሥራ ካፖርቱን አወለቀ። በካናቴራ ብቻ፣ በማያውቃቸው ሰዎች መሐል ቆመ። እጁን ወደ አዲሱ እጅጌ ሲሰድ፣ ጨርቁ ለስላሳ ነበር፤ ጥሩ ጨርቅ ያውቃል። ፎቶ አንሺው ተዋናዩን ሶፋው ጫፍ ላይ አስቀመጠና የልጁን እጆች ከወገቡ ኋላ ደበቃቸው። ሶፋ አልባሹን ከሶፋው ጀርባ አስጎንብሶ፣ እጆቹን በልጁ ብብት ሥር ወደ ፊት አሳለፋቸው።

«አሪፍ ነው። አንገትህን ወደ ውስጥ ሳብ። አሁንም ሳብ፤ ፀጉርህ ፎቶው ውስጥ ይገባል።»

አንገቱን ሳበ። አፍንጫው የሶፋው ጀርባ ላይ ተጣበቀ፤ ራሱ የወጠረው ጆንያ ነው። እጆቹ ከወዲያ በኩል፣ ብርሃኑ ውስጥ፣ የሰው አካል ላይ በቅለው መዶሻ ይዘዋል። እሱ ጨለማው ውስጥ ቀርቷል።

መስኮት የገባችው ይሄኔ ነው።

መልከ መልካሙን አየች፤ ፈገግታውን አየች። ዓይኗ ወደ እጆቹ ሲወርድ ፊቷ ተለወጠ። ያንን አውራ ጣት የትም ብታገኘው ታውቀዋለች።

«ከሶፋው ኋላ ያለው ማነው?» አለች።

ፎቶ አንሺው ከካሜራው ቀና አለ።

«ውጣ» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር። «በእናትህ፣ ከዚያ ውጣ።»

ቀና አለ። ሸሚዙን ከእጅጌው በቀር አልለበሰውም፤ ፊቱ ላይ የጆንያ አሻራ ቀርቷል። ተያዩ። እሷ ዓይን ውስጥ እንባ አለ፤ እሱ ለማን እንደሆነ አላወቀም።

«እንዴት እንዲህ ትሆናለህ?»

«አንቺ እሺ ካልሽ እኔ ማን ነኝ?»

«እኔ? አንተ አይደለህም የለመንከው? 'ፊቴን አታሳዩብኝ፣ በሌላ ሰው ተኩልኝ' ብሎ ለምኖኛል ብሎ የነገረኝ እሱ ነው» ብላ ወደ ወንድሟ ጠቆመች። «እንደዚያ ከፈለግክ ብዬ ጻፍኩልህ። አንተ አውራ ጣት ላክህልኝ። ምን ልረዳው?»

«ከዚያ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ነዋ። መቼ ከክንዴ በላይ አየሽኝና።»

መስኮት ቀረብ አለች፤ አሁን የምትናገረው ለሱ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ቀን ስልኬን ሳነሳ 'ፊቴን አታንሺ' አላልከኝም?»

«አልኩ።»

«ታዲያ?»

«አንዴ ነዋ ያልኩት።»

«ስንቴ ልትለው ነበር?»

«ሰው አንዴ እምቢ ቢል ይለመናል» አለ ሶፋ አልባሹ። ድምፁ ወጣለት። «ብላ ሲሉት ጠግቤያለሁ የሚል ሰው ርቦት ነው፤ አድገን የመጣነው እንደዚህ ነው። እኔ እምቢ ያልኩት ደግመሽ እንድትዪኝ ነው። አንቺ እሺ አልሽና ስልኩን ዝቅ አደረግሽው። እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ወዲያ በመጣሽ ቁጥር ጢሜን እላጫለሁ፤ ዛሬ ትጠይቀኛለች እያልኩ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽም።»

«እኛ ቤት እምቢ ማለት እምቢ ነው» አለች። «አንዴ ከተባለ አይነካም። እኔ አንተን ማክበሬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ አፈረችብኝ ብዬ።»

«ለምንድነው ግን መጀመሪያውኑ እምቢ ያልከው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ያንን እጅጌ ከላዩ አወለቀ።

«ስድስተኛ ክፍል ሳለን ፎቶ አንሺ መጣ። ክፍሉ በሙሉ ተሰለፈ። መምህሩ ሸሚዜን አዩት፤ ትከሻው ተተርትሯል። 'አንተ ለጊዜው ወጣ በል' አሉኝ። ወጣሁ። ያ ለጊዜው እስካሁን አላለቀም። ያ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ በፊቱ እያለፍኩ ተማርኩ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለስኩም።»

መስኮት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«'የምታፍርበትን ነው የምትደብቀው' ሲልሽ መልስ አልሰጠሽውም» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ስንት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት መሰለህ። አላፍርበትም ብል 'እንግዲያው አሳዪን' ይላሉ። ላሳይ አልችልም፤ እምቢ ብለኸኛል። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ አንተን እንደሚበላህ ከየት ልወቅ?»

በዚህ መሐል ወንድምየው ሰዓቱን አየ። «በጣም ያሳዝናል፤ ከሥራ በኋላ ትላቀሳላችሁ። ፋብሪካው ፈርሟል። እማዬ ለጓደኞቿ በሙሉ ዲዛይነር ነው ብላ ተናግራለች። ስንት ሺህ ሰው ዛሬ ፊቱን ይጠብቃል። ተከታዮችሽን ልታጪያቸው ነው?»

«ተከታይ ማለት ከኋላ የሚመጣ ነው» አለች መስኮት። «አለንጋ ይዞ የሚነዳኝ አይደለም። ለፋብሪካው ሌላ ወንበር ፈልግላቸው። እማዬን የዋሸሃት አንተ ነህ፤ አንተው ንገራት። ወይም እኔ እነግራታለሁ።»

«ገጽሽን ትቀብሪዋለሽ።»

«ልቅበረው። የኔ ነው።»

ስልኳን አወጣች። «ላይቭ ልገባ ነው» አለች ለሶፋ አልባሹ። «ቀና በል።»

የሚያዩት ሰዎች ቁጥር ሲያሻቅብ ይታያል። ልቦች ከታች ወደ ላይ እየፈሉ ይወጣሉ። «ሰዎች» አለች፣ «ዛሬ ፊቱን እናያለን ብላችሁ እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።» ስልኩን ወደሱ ልታዞር ስትል፣ ያ እጅ መጣና ካሜራውን ሸፈነው። ስንት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ መዳፉን አየ።

«አይሆንም» አላት።

ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው። «ደግሜ ልለምንህ? ይኸው ለመንኩህ። በሞቴ። እስኪመሽ እለምንሃለሁ።»

«አሁንስ የልመና አይደለም።» ፊቱ ላይ ያለው ነገር ኩርፊያ አልነበረም። «የማላውቀው ሰው ሁሉ አይቶኝ እናትሽ ካላዩኝ አሁንም ሥዕል ነኝ። መጀመሪያ እሳቸው ይዩኝ። በቁሜ። ሌላው ኋላ ይደርሳል፤ ባይደርስም ይቅርበት።»

አየችው። ብዙ ጊዜ እጁን ስታይ የኖረች ልጅ፣ ግንባሩን፣ ጠማማዋን ቅንድቡን፣ ከንፈሩን አየች። ከዚያ ስልኩን አነሳች።

«ሰዎች» አለች፣ «ዛሬ ፊት የለም። ባለእጁ ዲዛይነር አይደለም። ውጭ አገር አልተማረም። ሶፋ ያለብሳል፤ ጎበዝ ነው፤ እወደዋለሁ። በሉ ደህና ዋሉ።» ዘጋችው።

ተዋናዩ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ እጆቹም ከወገቡ ኋላ እንዳሉ ናቸው። «እኔስ ልነሳ?» አለ።

«ተነሳ ልጄ» አሉት ቁልፍ ቀራጩ። «እጅህ ተመልሶልሃል።» ከዚያ ወደ ሶፋ አልባሹ ዞረው፣ «ሂድ፣ ሱቁን እኔ አያለሁ። ፊትህን ግን ታጠብ፤ ጆንያ መስለሃል።»

«አልታጠብም ጋሼ» አለ። የሥራ ካፖርቱን ለበሰ፤ ጥጥና ክር የተለጣጠፈበትን። አንድም ቁልፍ ሳይቀር ቆለፈው። ደረቱ ውስጥ የነደደው ነገር ንዴት ይመስላል። ንዴት ግን እንዲህ አያሞቅም።

*

የእናቷ ቤት በር ትልቅ የብረት በር ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ መመልከቻ ቀዳዳ አለችው። መስኮት ደወሉን ስትጫን ሶፋ አልባሹ ጎኗ ቆሟል። የሚመጣውን ያውቀዋል።

የከፈቱት እናትየው ራሳቸው ናቸው። ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ መነጽራቸው ጭንቅላታቸው ላይ ነው። መጀመሪያ ያዩት እጁን ነው፤ ፊታቸው ፈካ አለ፤ የሚያውቁት ነገር ነው። ዓይናቸው ወደ ላይ ወጣ። ካፖርቱ ጋ ሲደርስ ዘገየ። ፊቱ ጋ ሲደርስ ያ ፈካ ያለው ነገር ተሰበሰበ።

«ይሄ ሰውዬ ዕቃ ሊወስድ ነው?»

«እማዬ፣ እሱ ነው» አለች መስኮት። «ዲዛይነር የሚባል የለም። ያንን ወንድሜ ነው የፈጠረው። እሱ ይሄ ነው።»

እናትየው ወደ መንገዱ አዩ። ከወዲያ ማዶ የጎረቤት ሠራተኛ ደጅ ትጠርጋለች። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አነጋገራቸው ምንም ክፋት የለበትም፣ ልማድ ነው።

«እንግዲያው በጓሮ በኩል ይግባ። የሠራተኞች በር እዚያ ነው። ውስጥ ሆነን እንነጋገራለን፤ ሰው ሳያይ።»

ሶፋ አልባሹ ይሄንን ቃል በሕይወቱ ስንት ጊዜ ሰምቷል። ከዛሬ በፊት ቢሆን እሺ እመቤቴ ብሎ አጥሩን ይዞ ይዞር ነበር።

«እመቤቴ» አለ፣ «ሶፋ ተሸክሜ ብመጣ በጓሮ እገባ ነበር። ነውርም የለው፤ እንጀራዬ ነው። ዛሬ ግን ምንም አልተሸከምኩም። ልጅዎን እወዳታለሁ፤ ይሄንኑ ፊት ለፊት ልነግርዎት ነው የመጣሁት። በዚህኛው በር ካልሆነ አልገባም።»

«እዚህ ደጅ ላይ ቆመህ ታዝዘኛለህ?»

«አላዘዝኩም። እርስዎም ቤትዎ ነው፣ ይዝጉት። እኔ ግን በጓሮ አልገባም።»

እናትየው ዓይናቸውን ከሱ ላይ አነሱ። ከዚያ ለልጃቸው፣ «አንቺ ግቢ» አሉ።

«ሁለት ነን እማዬ።»

«ግቢ አልኩሽ።»

«ሰማሁሽ እኮ። ሁለት ነን።»

በሩ ተዘጋ። አልተወረወረም፤ የዚያ ቤት በር አይወረወርም። ቀስ ብሎ፣ በጨዋነት፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚዘጋው፤ ለዚህም ነው የሚያመው።

መስኮት የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ይንጫረራል፤ አይታ አላነሳችውም፤ ፊቱን ወደ መሬት ደፍታ አጠገቧ አኖረችው። ማዶ ያለችው ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታያለች።

«ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አላት፣ ቆሞ።

«ይቆሽሽ።»

«ሰው እያየሽ ነው።»

«ይየኝ። ና፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ። ከዚህ በፊት ከስንት በር ተመልሷል፤ የዚያን ቀን መንገድ ያውቀዋል፤ አንገቱ ወደ ትከሻው እየገባ፣ ዓይኑ ጫማው ላይ ተተክሎ፣ ቤቱ ሲደርስ ያልተናገረውን ሁሉ ለግድግዳ እየተናገረ ነው። አሁንም ያንን ውርደት ፈለገው። ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከጉሮሮው ዝቅ ብሎ፣ ዳበሰው። አጣው። ሁልጊዜ ብቻውን ነበር የሚዘጋበት፤ ዛሬ ከጎኑ አንዲት ሴት፣ መግባት እየቻለች፣ ውጭ ቀርታለታለች። ምን እንደሚሉት አላወቀውም። ደስታ እንዳይለው በሩ ተዘግቷል፤ ሐዘን እንዳይለው ሳቁ መጣበት።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው።

«እንጃ። ማንም ሰው አብሮኝ ተባሮ አያውቅም።»

እሷም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገች፤ ጥጥ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ።

ከኋላቸው የነጠላ ጫማ ኮቴ አልተሰማም። እናትየው አልሄዱም። የበሩ መመልከቻ ቀዳዳ ውስጥ ጥላ አለ፤ ቆሟል፤ አይንቀሳቀስም። ሶፋ አልባሹ ዞረ። አንገቱን አልሳበም፤ ፊቱን አላበሰም፤ ከካፖርቱ ላይ ክሩን አላራገፈም። ቀዳዳዋን ትክ ብሎ አየ፤ ልቡ ደረቱን እየመታ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ ይዩኝ አለ።